ካሴቱ አለ፤ ማጫወቻው ግን የታለ?

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ የኦሎምፒክ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ። የጃፓኑ ኤን.ኤች.ኬ ውድድሩን በቀጥታ ሲያስተላልፍ ጃፓናውያን በየቤታቸው ተቀምጠው ኢትዮጵያዊው ሯጭ መስመሩን ካለፈ በኋላ ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ ሰውነቱን ሲያፍታታ ተመለከቱ። የገዛ አገሩ ሰው ግን አላየውም። አዲስ አበባ ወሬውን ያገኘችው ከሬዲዮና ከጋዜጣ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነበርና። ልዩነቱ 12 ቀን ነው።

የአበበ የቶኪዮ ሩጫ ቅንጫቢ በቲክቶክና በቴሌግራም በተዘዋወረ ቁጥር ከሥሩ ከሚደረደሩት አስተያየቶች መካከል አንድ ጥያቄ አይጠፋም፤ የአገር ውስጡ ቴሌቪዥን የቀረጸው የት ሄደ፣ ማንስ ደበቀው የሚል። ስለ ጥር 13 ቀን 1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ሲነሳም ያው ነው። ኢትዮጵያ የያኔዋን የተባበረች ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብፅን፣ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ያነሳችበት ጨዋታ ነው። ወጣቱ ሙሉውን 120 ደቂቃ ማየት ቢፈልግ አይፈረድበትም። ይሁንና ያን ቀን ቴሌቪዥን አዲስ አበባ ሊገባ ገና ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ይቀረው ነበር።

ዛሬ ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ያደገው ምስል እንደ ቧንቧ ውሃ በሚወርድበት ዘመን ነው። ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፤ የቀረጸው በዚያው ቅጽበት ይተላለፋል፤ የተላለፈውም ማንም ሳይጠይቅ ይቀመጣል። መቅረጽ፣ ማስተላለፍ፣ ማስቀመጥ ለእሱ አንድ ሥራ ናቸው። በድሮው ቴሌቪዥን ግን ሦስቱ የተለያዩ ሥራዎች ነበሩ፤ ለየራሳቸው መሣሪያ፣ ለየራሳቸው ባለሙያ፣ ለየራሳቸው ገንዘብ ይፈልጉ ነበር። አንዱ ያለ ሌላው ሊኖር ይችላል። ሳይቀረጽ የተላለፈ ብዙ ነው። ተቀርጾ ያልተላለፈ አለ። ተቀርጾና ተላልፎ፣ ቆይቶ በላዩ ሌላ ነገር የተቀረጸበት አለ። መደርደሪያ ላይ በክብር ተቀምጦ ዛሬ ሊታይ የማይችልም አለ። እነዚህን ሳይለዩ ሁሉንም «ተደበቀ» ማለት በእውነት የተደበቀውን ካልተደበቀው ጋር ያቀላቅለዋል። በእውነት የተደበቀ ደግሞ ሞልቷል።

ጣቢያው የተከፈተው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት 34ኛ ዓመት በሚከበርበት ዕለት ነው። ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር፤ በማቋቋሙ የእንግሊዙ ቶምሰን ድርጅት አግዟል። (በአጋጣሚ ቢቢሲም መደበኛ የቴሌቪዥን ስርጭቱን ከለንደን የጀመረው በዚያው ቀን፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2፣ በ1936 ነበር። አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ከወደቀች ስድስት ወር መሆኑ ነው።) ከመጀመሪያው ዘመን አንስቶ ለልጆች ተረት ያወሩ የነበሩት ተስፋዬ ሳህሉ፣ አባባ ተስፋዬ፣ ከ40 ዓመት በላይ በዚያ ስክሪን ቆይተዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን ያደገ የከተማ ልጅ ሁሉ ያውቃቸዋል።

ምስሉ ወደ ቤት የሚገባው በአየር ነው። ካሜራው ያየውን በመስመር ይከፋፍለዋል፤ በአውሮፓውያኑ ስልት 625 አግድም መስመር፣ በሰከንድ 25 ሥዕል። ማሰራጫው ይህን በሬዲዮ ሞገድ ይረጨዋል። ሳሎን የተቀመጠው፣ ጀርባው ያበጠው ሳጥን ደግሞ ከኋላ ኤሌክትሮን እየተኮሰ ከፊት ያለውን መስታወት መስመር በመስመር ያበራዋል። ሳጥኑ ወደ ኋላ የረዘመው ለዚሁ ነው፤ ኤሌክትሮኑ የሚሮጥበት ሜዳ ያስፈልገዋል። ወጣቱ ሊያውቀው የሚገባው ግን ሌላ ነው። ያ ሳጥን ምንም አያስታውስም። የታችኛው መስመር ሲበራ የላይኛው እየጠፋ ነው። ወደ ኋላ የሚመለስ፣ የሚቆም፣ «ሴቭ» የሚደረግ ነገር የለም። ውሃ ለመጠጣት ወደ ጓዳ የገባ ሰው ያመለጠውን አምልጦታል።

የሞገዱ መንገድ ቀጥተኛ በመሆኑ ተራራና ሕንፃ ይጋርደዋል። ስለዚህ በየጣሪያው የአሉሚኒየም አንቴና ተተከለ። ማዘንበሉ የታላቅ ልጅ ሥራ ነበር። አንዱ ቆርቆሮ ላይ ይወጣል፣ አንዱ በር ላይ ይቆማል፣ አንዱ ስክሪኑን ያያል። «አሁንስ?» «መጣ! መጣ!» «አሁንስ?» «ኧረ ጠፋ! እዚያው ላይ ያዘው!» ሞገዱ ከሕንፃ ላይ ነጥሮ ትንሽ ዘግይቶ ሲደርስ ዜና አንባቢው ከነጥላው ሁለት ይሆናል። አንቴና የሌለው ሽቦ ይሰካል፤ ያ ካልሠራ ሳጥኑን በጥፊ ይመታል። የሚገርመው፣ አንዳንዴ ይሠራ ነበር። ውስጡ የላላ ግንኙነት ስለሚኖር።

ማታ ስርጭቱ በመዝሙር ሲዘጋ የሚቀረው የሚንጫጫ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ነበር። ልጆች ይፈሩት ነበር። ነጠብጣቡ የአካባቢው የኤሌክትሪክና የራሱ የመሣሪያው ጫጫታ ነው፤ ጥቂቱ ግን ከአጽናፈ ዓለሙ ጅማሬ የተረፈ ጨረር ነው። ባዶ ቻናል ላይ የተቀመጠ ሰው ሳያውቀው በዕድሜ ከከዋክብት የሚበልጥ ብርሃን ያይ ነበር ማለት ነው። የዛሬው ስክሪን ሲግናል ሲያጣ ሰማያዊ ሆኖ ዝም ይላል።

ቴሌቪዥን ያለው ቤት በሠፈሩ ይታወቃል። ሳጥኑ የእንጨት መዝጊያ ነበረው፤ አንዳንዱ ይቆለፋል። ሲጠፋ ዳንቴል ይለብሳል። ማታ የጎረቤት ልጅ እግሩን ታጥቦ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፤ ቦታ ያጣው በመስኮት ያያል። ቻናሉ አንድ ነው። ሌላ ምርጫ የለም፤ ስለዚህ ሪሞት ቢኖር እንኳ ጥቅሙ ድምፅ መቀነስ ነበር። አንዲቷ ጣቢያ ያሳየችውን ቴሌቪዥን ያለው ሁሉ በአንድ ሰዓት ያያል፤ ያላሳየችውን ማንም አያይም። የሚቀጥሉት ሁለት ታሪኮች የሚገቡት ይህ ከገባ ነው።

የመጀመሪያው የተፈጸመው በአዲስ ዓመት ምሽት ነው፤ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ጥቅምት 8 ቀን 1966፣ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ያሳየበት ዘገባ በብሪታንያ ቴሌቪዥን ቀርቦ ነበር። ርዕሱ «ያልታወቀው ረሃብ» ማለት ነው። ያልታወቀው ለዓለም ነበር፤ ለወሎ ገበሬማ ሁለት ዓመት ያስቆጠረ ሞት ነው። የሟቾቹ ግምት ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል። የአገሪቱ ጣቢያ ግን በየምሽቱ የቤተ መንግሥት ዜና ያነብ ነበር።

ደርግ በየካቲቱ እንቅስቃሴ ማዕበል ላይ ሆኖ ሥልጣኑን አንድ በአንድ ሲሸረሽር ከረመና፣ ንጉሡን ለማውረድ በተዘጋጀበት ዋዜማ ያንን ፊልም አወጣው። እንዳለ አላሳየውም። በረሃብ አጥንታቸው ከወጣ ሕፃናት ቀጥሎ የቤተ መንግሥት ድግስ ይመጣል፤ ከሬሳ መጠቅለያው ቀጥሎ ሻምፓኝ፤ ከባዶው እንስራ ቀጥሎ ሥጋ የሚጎርሱ የንጉሡ ውሾች። ንጉሡም ቴሌቪዥናቸውን ከፍተው እንዲያዩ ተነገራቸው። በማግሥቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ የመኮንኖች ቡድን ቤተ መንግሥት ገብቶ የመውረጃ አዋጁን አነበበላቸው፤ በቮልስዋገን ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ።

ይህን ታሪክ የማያውቅ የኢትዮጵያ የታሪክ አንባቢ የለም። የሚረሳው የመሣሪያው ጉዳይ ነው። ያን ምሽት የተላለፈው በዛሬው ቋንቋ «ኤዲት» የተደረገ ነገር ነው፤ ሁለት ቦታና ሁለት ጊዜ የተነሱ ምስሎች ጎን ለጎን ተሰፍተው አንድ ክስ ሆነዋል። ረሃቡ እውነት ነው። ድግሱም እውነት ነው። መጋጠማቸው ግን የመቁረጫው ሥራ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ቢለቀቅ በሩብ ሰዓት ውስጥ አንዱ የእንግሊዙን ዋና ቅጂ አግኝቶ ጎን ለጎን ያስቀምጠዋል፤ ሌላው ድግሱ የየትኛው ዓመት እንደነበር ይጠይቃል፤ ሦስተኛው ውሾቹን ይቆጥራል። ያን ምሽት ግን ማንም ማቆም፣ መድገም፣ ማነጻጸር አልቻለም። ፊልሙ በሳጥኑ አለፈና ጠፋ። ያየው ሰው የቀረው ትዝታ ብቻ ነው። በየሰው ምስክርነት ውስጥ የምስሎቹ ቅደም ተከተልና ዝርዝር የሚለያየውም ለዚህ ነው። ውሸት ስለተናገሩ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ያዩትን ከዓመታት በኋላ ስለሚያወሩ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይነሳ አይታለፍም። ያን ሳጥን ንጉሡ ራሳቸው በዘውድ በዓላቸው ዕለት ነበር ያስከፈቱት። በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ መፈንቅለኞቹ የያዙት ሬዲዮ ጣቢያውን ነው፤ ቴሌቪዥን አልነበረማ። አሥር ዓመት ያልሞላው አዲሱ ሳጥን ግን የክስ ማቅረቢያ ሆነ። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ያኔም ጥቂት ነበር፤ አብዛኛው ሕዝብ የመስከረም 2ን ነገር የሰማው በሬዲዮ ነው። ሆኖም ያ ጥቂት ቤት የመኮንኑ፣ የባለሥልጣኑ፣ የነጋዴው፣ የመምህሩ ቤት ነበር። ንጉሡን ሊከላከል ይችል የነበረው ሰው ያን ምሽት ሳሎኑ ተቀምጦ ቀና ብሎ መመልከት አቃተው።

ሁለተኛው ታሪክ አሥር ዓመት ይቆያል።

በ1976 ማብቂያና በ1977 መግቢያ አዲስ አበባ ቀይ ለበሰች። ከጳጉሜን 1 ጀምሮ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ፣ ኢሠፓ፣ መሥራች ጉባኤ ተካሄደ፤ ተከትሎ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በሰልፍ ተከበረ። የትግላችን ሐውልት የተመረቀው በዚያው ሰሞን ነው፤ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ። ለዚሁ በዓል ሲባል የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከጥቁርና ነጭ ወደ ቀለም ተሻገረ።

የቀለም ቴሌቪዥን አሠራር ብልሃት አለው። ጀርመኖች የፈጠሩት «ፓል» የሚባለው ስልት የምስሉን ብርሃን ለብቻ፣ ቀለሙን ለብቻ አድርጎ ይልካል። አዲሱ ተቀባይ ሁለቱን አገጣጥሞ ያሳያል፤ አሮጌው ብርሃኑን ብቻ ወስዶ ቀለሙን ይተወዋል። በመሆኑም አሮጌ ሳጥን የነበረው ሰው ምንም ሳይገዛ በዓሉን አየ። ያየው ግን ግራጫ ነው። ለቀይ ባንዲራ ተብሎ የመጣው ቀለም በብዙ ቤት ግራጫ ሆኖ ገባ።

በዚያው ወር ኮረም ላይ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሜዳ ላይ ተኝቶ ነበር። በበዓሉ ሰሞን ስለ ረሃብ እንዲወራ አልተፈለገም። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ኃላፊ የነበሩት ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ አገር ጥለው ከወጡ በኋላ በእንግሊዝኛ ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን በሰፊው ተርከዋል። የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ተከልክለው ቆዩ። በዓሉ አልፎ ፈቃድ ሲገኝ የቢቢሲው ማይክል ቡርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ኮረም ደረሱ። ምስሉ ከአገር ወጥቶ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ለንደን ላይ ታየ፤ ያንኑ ዕለት አሜሪካ ገባ፤ ከዚያ በየአገሩ ጣቢያ ተዳረሰ። በዘፋኞቹ ስብስብና በሐምሌ 1985 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው የላይቭ ኤድ ኮንሰርት የተከተለው ሁሉ የመጣው ከጥቂት ደቂቃ ምስል ነው። (መሐመድ አሚን በ1996 እ.ኤ.አ. ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ።)

እዚህ ላይ «ተደበቀ» የሚለው ቃል በትክክል ቦታውን ያገኛል። ካሜራ ነበረ፣ ማሰራጫ ነበረ፣ ቀለም ሳይቀር ነበረ። በ1967 የረሃብ ፊልም አሳይቶ ሥልጣን የያዘ መንግሥት በአሥረኛ ዓመቱ ያው ጣቢያ ሌላ ረሃብ እንዳያሳይ አደረገ። ይህን ማድረግ የቻለው አንድ ማሰራጫ፣ አንድ ቻናል ስለነበረ ነው። ማንንም ማሰር ሳያስፈልገው ዝም ማለት ብቻ በቂው ነበር። ስልክ ያለው አንድ የኮረም ጎረምሳ በዚያ ዘመን ቢኖር ኖሮ በዓሉ በግማሽ ይቋረጥ ነበር ወይ? ምናልባት። ግን ስልክ የሞላበት የዛሬው ዘመንም ኔትወርክ ሲቋረጥ ምን እንደሚመስል የሰሜኑን ጦርነት ያየ ሰው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ሥራ፣ ወደ ማስቀመጥ።

የቴሌቪዥን ምስል የሚቀመጠው በሁለት ነገር ነበር፤ በፊልም ወይም በመግነጢስ ካሴት። ፊልም ኬሚካል ይፈልጋል፤ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይቆረጣል። የዛሬ ጠዋት ሰልፍ ማታ ለዜና ካልደረሰ ነገ ይቀርባል። ነገር ግን ፊልም አንድ ትልቅ ጸጋ አለው፤ መሣሪያ ባይኖር እንኳ ወደ መስኮት ዘርግቶ በዓይን ማየት ይቻላል። ሥዕሉ እዚያው ላይ ነው። የ1923ቱ የዘውድ በዓል የተቀረጸው በፊልም ነው፤ ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ ያነሱት ሁሉ ፊልም ነው፤ የዲምብልቢም ዘገባ እንዲሁ። ሁሉም ዛሬ ይታያል።

ካሴት ሌላ ነው። ቀጭን ፕላስቲክ ላይ በሙጫ የተለጠፈ የብረት ዝገት ዱቄት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወደ መስኮት ቢዘረጋ የሚታየው ቡናማ ጥብጣብ ብቻ ነው። ሥዕሉ የሚወጣው ለዚያው ዓይነት ካሴት በተሠራ መሣሪያ፣ በፍጥነት በሚሽከረከር ጥቃቅን ጭንቅላት ሲነበብ ነው። መሣሪያው ከሌለ ካሴቱ ዕቃ ነው። በዚህ የተነሳ ነገሩ ተገለበጠ፤ አያት በፊልም የተነሳው ሲታይ አባት በካሴት የተቀረጸው የማይታይበት ጊዜ መጣ። አዲሱ ከአሮጌው ቀድሞ እየሞተ ነው።

የመጀመሪያውን የሚሠራ የቪዲዮ መቅረጫ የአሜሪካው አምፔክስ ኩባንያ በ1956 እ.ኤ.አ. አወጣ። ቁመቱ የቁም ሳጥን ያህላል፤ ዋጋው ወደ 50 ሺህ ዶላር፤ የጥብጣቡ ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር። አንድ ሰዓት የሚይዝ ጥቅል ወደ 300 ዶላር ያወጣ ነበር። በዚህ ዋጋ ማን ያስቀምጣል? የተላለፈው ይጠፋና በላዩ አዲስ ይቀረጻል። ይህ የድሃ አገር ነገር ብቻ የሚመስለው ይኖራል። ቢቢሲ የራሱን ተወዳጅ ተከታታይ ድራማ «ዶክተር ሁ»ን ከ90 በላይ ክፍሎች በዚህ መንገድ አጥቷል። የአሜሪካው ናሳ ደግሞ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረቃ ላይ ሲወርድ በቀጥታ የተቀበለባቸው ዋና ጥቅሎች በላያቸው ሳይቀረጽባቸው እንዳልቀረ በ2009 እ.ኤ.አ. ይፋ አድርጓል። ዓለም ዛሬ የሚያየው ከቴሌቪዥን ጣቢያዎች የተሰበሰበውን ቅጂ ነው። ጨረቃ ላይ ወርዶ ካሴቱን ያጠፋ አገር ካለ፣ በየጣቢያው የጎደለ የ1960ዎቹ ዝግጅት ሁሉ የሴራ ውጤት ነው ብሎ መነሳት ትንሽ ይቸኩላል።

ከዚያ ሶኒ በ1971 «ዩ-ማቲክ» የተባለውን ባለ ሳጥን ካሴት አመጣ፤ በ1982 ደግሞ «ቤታካም»ን። ካሴቱና ካሜራው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሆኑ፤ ፊልም ማጠብ ቀረ፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ የዜና ክፍሎች ወደዚያ ዞሩ። አንዱ በሌላው መሣሪያ አይሠራም። ለየቤቱ የመጣው ቪ.ኤች.ኤስም በሁለቱም አይሠራም።

ቪ.ኤች.ኤስ ሲነሳ የየቤቱ ጉዳይ ይመጣል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ አንስቶ እስከ 1990ዎቹ ድረስ የተሠረገ ሠርግ፣ የተመረቀ ተማሪ፣ የተከበረ ክርስትና፣ የለቅሶ ቤት ሳይቀር በዚያ ካሴት ነው የተቀረጸው። ዴክ ያለው ቤት ካሴቱን ለጎረቤት ያሳያል፤ የሠርጉ ካሴት ከሠርጉ የበለጠ እንግዳ ያያል። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶችም ካሴት ይልኩ ነበር። እዚህ ላይ ብዙዎች ያልገባቸው ችግር ገጠማቸው። ዋሽንግተን የተቀረጸ ካሴት አዲስ አበባ ዴክ ውስጥ ሲገባ ምስሉ ይሮጣል፣ ቀለሙ ይጠፋል ወይም ጨርሶ አይታይም። የተበላሸ መስሏቸው የጣሉት አሉ። ካሴቱ ደህና ነበር፤ አሜሪካ የምትጠቀመው «ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ» የሚባል ባለ 525 መስመር ስልት ሲሆን ኢትዮጵያ ደግሞ ባለ 625 መስመሩን ፓል ትጠቀም ነበር። ስልት የሚቀይሩ የቪዲዮ ቤቶች በዚህ እንጀራ በልተዋል። የልጃቸውን ሠርግ ከባሕር ማዶ በግራጫና በሚንቀጠቀጥ ምስል ያዩ እናቶች ግን ጥቂት አይደሉም።

የዴኩ ዕድሜም አለቀ። ሶኒ የቤታማክስ ካሴት ማምረት በመጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. አቆመ። በዚያው ዓመት ሐምሌ በዓለም የመጨረሻው የቪ.ኤች.ኤስ ዴክ አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ዴክ ማምረቱን አቆመ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ያገለገለ ዕቃ ነው፤ አንዱ ሲበላሽ ከሌላው እየተፈታ የሚጠገን።

ስርጭቱም እንዲሁ ተቀየረ። በ2006 እ.ኤ.አ. ጄኔቭ ላይ አገሮች ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ለመሻገር ተስማሙ፤ ሰኔ 2015 (እ.ኤ.አ.) የጊዜ ገደብ ሆኖ ተቆረጠ። የኢትዮጵያ ከተሜ ግን ገደቡን አልጠበቀም። ከዚያ ብዙ ቀድሞ ዲሽ ጣሪያው ላይ ሰቅሎ ወደ ናይልሳት ዞሯል፤ ኢትዮሳት ሲመጣ ደግሞ ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ አዙሮታል። የድሮው አንቴና ጎን ለጎን ዝጎ ቀረ፤ አንዳንዱ የልብስ ማስጫ ገመድ ታሰረበት። የአናሎግ ምስል ሲደክም ቀስ በቀስ ይደበዝዝ ነበር፤ በነጠብጣብ መሃልም ቢሆን ሰው ይለያል። ዲጂታሉ ግን ወይ ጥርት ብሎ ይታያል ወይ ድርግም ይላል። በመካከል የሚታገሉት ነገር የለም።

በየጣቢያውና በየቤቱ የቀረው ካሴት ግን ዲሽ አይመለከተውም። በ2019 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ከዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ጋር ሆኖ አንድ ማስጠንቀቂያ አወጣ። የካሴት ማጫወቻዎች፣ መለዋወጫቸውና የሚጠግኗቸው ሰዎች በ2025 አካባቢ ተመናምነው ስለሚያልቁ፣ እስከዚያ ያልተገለበጠ ካሴት ምናልባት ከቶ አይገለበጥም የሚል ነበር። 2025 አልፏል።

ይህ ለኢትዮጵያ ምን ማለት ነው? ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ ያለው የአገሪቱ ምስል በአብዛኛው የካሴት ዘመን ምስል ነው። የደርግ ሁለተኛ አጋማሽ፣ ግንቦት 1983፣ የሽግግሩ ክርክሮች፣ የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ፣ የባድመ ጦርነት፣ የደራርቱ ቱሉና የኃይሌ ገብረ ሥላሴ አቀባበል፣ በዚያ ዘመን የተቀረጸ ቲያትርና ሙዚቃ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይወድቃል። ወጣቱ በስልኩ የሚያያቸው ቅንጫቢዎች ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ቤቱ በዴክ የቀዳቸው ናቸው። ከሥር የሚንቀጠቀጠው ነጭ መስመር የዴኩ ጭንቅላት መቀያየሪያ ነው፤ ከጥግ ያለው ቀይ ቀለም መፍሰስ የቅጂ ቅጂ መሆኑን ይናገራል። አንዳንዱ ወጣት ያንን መስመር «ፊልተር» ይመስለዋል፤ ሆን ተብሎ ያረጀ እንዲመስል የተጨመረ። የአገር ሰነድ የያዘ ቤተሰብ ደግሞ ካሴቱን ቤት ሲያጸዳ ይጥለዋል፤ የሚያጫውትበት የለውማ።

ማዳኑ የሚቻል ነው፤ ነገር ግን ወጣቱ በለመደው ፍጥነት አይደለም። ሙጫው እርጥበት የጠጣ ካሴት እንዳለ ከተጫወተ ይጣበቃል፣ ዱቄቱ ተፍቆ ጭንቅላቱ ላይ ይቀራል፤ ምስሉም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አስቀድሞ 50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ ሙቀት ለብዙ ሰዓታት እንዲደርቅ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ይጫወታል። በዚያች ጊዜ ውስጥ መገልበጥ አለበት። ፋይል እንደመቅዳት አይፋጠንም፤ የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ አሥር ሺህ ሰዓት ምስል ያለው ቤተ መዛግብት በአንድ መሣሪያ በቀን ስምንት ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ ከሦስት ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። አጠገቡም ምስሉ ሲንሸራተት በዓይኑ፣ ጭንቅላቱ ሲቆሽሽ በጆሮው የሚያውቅ ሰው መቀመጥ አለበት። ያ ሰው በ1977 የቀለም ስርጭት ሲጀመር ሃያ አምስት ዓመቱ ከነበረ፣ አሁን ወደ ሰባው እየተጠጋ ነው።